ጓድ ሌዳሞ ቅዳሜ ከሰዓት የት ይውላል?

ይህን የምጽፈው ደግ ሰው መስዬ ልታይ ፈልጌ አይደለም። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትረግሙኝም አልፈርድባችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ እስከ መጨረሻው አዳምጡኝ። እኔ ሲያቋርጡኝ የምቆጣ ሰው ነኝ፣ ይህ ጠባዬ ደግሞ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ያኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ የእንግሊዝኛ መምህር። ሐዋሳን ገና አዋሳ እያልን የምንጠራበት፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጀምበር «ጓድ» የሆነበት ዘመን ነው። አንድ ሳይክል፣ ሁለት ኮትና አንድ እጮኛ ነበረችኝ። እጮኛዬ ጽጌ ትባላለች፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ እሺ ብለው፣ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። የማትሪክ እንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ጥሏት ስለነበር ላስጠናት ሞክሬ ነበር። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ስትስት እጮህባታለሁ፤ ስጮህ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቀን «ይቅርብኝ፣ ታይፒስትነቱ ይበቃኛል» ብላ ደብተሯን አጠፈች። እኔም በሆዴ ተመስገን ብዬ ተውኩት።

በትምህርት ቤታችን በእንግሊዝኛ የሚያህለኝ አልነበረም። ሌዳሞ እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ሌዳሞ ከቱላ ወዲያ ካለ መንደር የተወለደ የሲዳማ ልጅ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ከፈረንጅ አፍ እየሰማ ያደገ። አማርኛ ሲናገር አንዳንዴ ወንዱንና ሴቱን ያደበላልቃል፤ እንግሊዝኛ ሲናገር ግን ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ራዲዮ የከፈታችሁ ይመስላችኋል። ጴንጤ መሆኑን ሁላችንም እንጠረጥር ነበር። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ አይምልም፣ አይዋሽም፤ በዚያ ዘመን ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ጸሎት ቤቶቹ ታሽገው በየሰው ቤት ተደብቆ ሲጸልይ የተገኘ ይታሰር ስለነበር፣ ማናችንም አፍ አውጥተን ጠይቀነው አናውቅም። መምህር ለመምህር እንዲህ ይተሳሰብ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ጠዋት በአሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ዘሪቱ የምትባል፣ ፊት የምትቀመጥ ቀልጣፋ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጄለስና ኤንቪየስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ጠመኔዬን አስቀመጥኩ። «ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም ቅናት ነው። ቀጥይ።»

«ቲቸር ሌዳሞ ግን ለሌላው ክፍል ልዩነት አላቸው ብለው አስተምረዋል፤ እህቴ ነገረችኝ» አለች፣ ልብ በሉ፣ በፍጹም ትሕትና። «ጄለስ የሚባለው ያለውን ነገር ሌላ ሰው እንዳይወስድበት የሚፈራ ነው። ኤንቪየስ ግን ሌላው ሰው ያለውን የሚመኝ ነው። አንዱ የራሱን ይጠብቃል፣ አንዱ የሰው ያያል ብለው ነው ያስረዷቸው።»

ከኋላ አንዱ «አሃ!» ሲል ሰማሁት። እንዲህ ዓይነት «አሃ» እኔ ሳስተምር ሰምቼ አላውቅም። ደሜ ፈላ።

«እንግዲያው ወደ ሌዳሞሽ ሂጂ!» አልኳት።

ዘሪቱ ደብተሯን ይዛ ወጣች። እውነት መስሏት በቀጥታ የሌዳሞን ክፍል አንኳኩታ «ቲቸር ልከውኝ ነው» ብላ ገብታ ተቀመጠች። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ዕለት ግን በእረፍት ሰዓት ስሰማው ዓይኔ ደም ለበሰ። ሌዳሞ ራሱ መዝገበ ቃላቱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ መምህራን ክፍል መጣ።

«ዳምጤ፣ ልጅቷን አትቀየማት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ። «አሁን ደግሞ ሄጄ አየሁት። ፈረንጆቹ ራሳቸው ጄለስን ለሁለቱም ይሉታል። ኤንቪየስ ነው ለአንዱ ብቻ የሚሆነው። ስለዚህ አንተም ብዙ አልተሳሳትክም።»

ብዙ አልተሳሳትክም! ለእኔ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብን እመልሳለሁ፤ ደግነትን በምን ልመልሰው? «አመሰግናለሁ» ብዬ ሻዬን ጠጣሁ፤ ሻዩ እሬት እሬት አለኝ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የመምህር ኩርፊያ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ይረሳ ነበር። የከፋው ቅዳሜ መጣ።

ጽጌ ከሁለት ወር ወዲህ በየቅዳሜው ከሰዓት «አክስቴ ጋ ቱላ እሄዳለሁ» ትለኝ ነበር። ያን ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ በሳይክሌ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ እየላጡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች አንጀቱን እየተሻሙ፣ ሰዉ ዋጋ እየተከራከረ ነው። ዓሣዬን አስጠቅልዬ ዞር ስል፣ ራቅ ብሎ በተገለበጠ ጀልባ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ጽጌ ናት። አንደኛው ሌዳሞ ነው።

እየሳቀች ነበር። ጽጌ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ስትስቅ እኔ አይቻት አላውቅም። ሌዳሞ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አንድ ነገር ያሳያታል፤ ጭኗ ላይ ነጭ ነገር አለ። ዓሣ የተጠቀለለበት ወረቀት ነው አልኩ። ደብተር ሊሆን ይችላል ብዬ ማሰብ እችል ነበር። አልፈለግሁም።

ከታሰሩት ጀልባዎች ጀርባ ተደብቄ ቆምኩ። መምህር ዳምጤ፣ ኮት የለበሰው፣ የተከበረው፣ የዓሣ ቅርፊት ላይ ቆሞ ሰው ይሰልላል! ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ከዚያ ጽጌ ተነሥታ ጋሪ ያዘችና ሄደች። እጅ ለእጅ እንኳ አልተነካኩም፤ ይህንን ግን ያን ጊዜ አልቆጠርኩትም።

ሌዳሞ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ከደንገሉ ጀርባ ወዳለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት አመራ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴትዮ ገቡ። ቀጥሎ አንድ አጥማጅ። እንደገና ሌላ፤ ሁሉም ተራ በተራ፣ አንዱ ከሌላው ጋር እንዳልተዋወቀ ሰው። መስኮቱ ላይ ያለው ራዲዮ ድምፁ ከፍ አለ። ከራዲዮው ሥር፣ ጆሮውን ለጣለ ሰው፣ ዝግ ያለ መዝሙር ይሰማል።

ዓሣዬ በእጄ እንደተንጠለጠለ ቆሜ ቀረሁ። ሳይክሌ ላይ ስወጣ ልቤ ይመታ ነበር፤ ንዴት ብቻ አልነበረም፣ ደስታም ነበረበት። አሁን ያዝኩህ ዓይነት ደስታ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጽጌን ጠበቅኳት።

«አክስትሽ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል» አለችኝ ዓይኗን ነጠላዋ ላይ ተክላ።

«ትናንት ሄደሽ ነበር?»

«ምነው? በየሳምንቱ አይደል እንዴ የምሄደው?»

ይኸውላችሁ፣ እዚያው ላይ «አሞራ ገደል አይቼሻለሁ» ብላት ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ኩራቴ አላናገረኝም። «እንዲያው ነው» ብዬ እስከ ደጃቸው ሸኘኋት።

አሁን ስለ ሂስና ግለ ሂስ ልንገራችሁ፤ ወጣቶቹ አታውቁትም። ሰኞ ሰኞ ከሰዓት መምህራን ሁሉ እንሰበሰባለን። ግራ እጅ ይነሣል፣ መፈክር ይባላል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ተነሥቶ መጀመሪያ ራሱን ይሂሳል፣ ቀጥሎ አንድ ጓዱን። የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ቃለ ጉባኤው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ መላ ፈጥረን ነበር። ሰኞ ጠዋት በሻይ ሰዓት ሂስ እንከፋፈል ነበር። «አንተ ጠመኔ ታባክናለህ በለኝ፣ እኔ ታረፍዳለህ ልበልህ።» ማንንም የማይጎዳ፣ ለቃለ ጉባኤም የሚበቃ። ይህን ውል ያፈረሰ መምህር እስከዚያ ሰኞ ድረስ አልነበረም።

ያን ሰኞ ጠዋት ሌዳሞ ፈገግ ብሎ መጣ።

«ዳምጤ፣ የዛሬ ዕጣ እኔና አንተ ነን። ምን ትለኛለህ?»

«የማርክ ዝርዝር ታዘገያለህ እልሃለሁ» አልኩት።

«ጥሩ ነው፣ እውነትም ነው» ብሎ ሳቀ። «እኔ ታረፍዳለህ እልሃለሁ።»

ከሰዓት ተሰበሰብን። ሰብሳቢያችን ቃለ ጉባኤውን ከፈተ። ተራዬ ደረሰ። ተነሣሁ፤ «በሰዓቱ አልገኝም፣ አርማለሁ» ብዬ ራሴን ሂስኩ። ሌዳሞ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ የማርክ ዝርዝሩን ሂስ ይጠብቃል፤ ፊቱ ላይ የጠዋቱ ሳቅ ትራፊ አለ።

«በጓድ ሌዳሞ ላይ ያለኝ ሂስ» አልኩ። «ጓድ ሌዳሞ ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደሚውል ለስብሰባው ያስረዳ።»

አንድ ወንበር ጮኸ። ከጎኔ የተቀመጡት አንጋፋው የሒሳብ መምህር ጋሽ ወንድሙ ጉልበቴን በጉልበታቸው ገጩኝ፤ ተው ማለታቸው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምን ይተዋል?

ለራሴ ያልኩትን ልንገራችሁ። የጠየቅኩት ስለ ጽጌ ነው፣ የሰው እጮኛ ይዞ ሐይቅ ዳር መቀመጡን በጉባኤ ፊት ይናገርና ይፈር፣ ከዚህ ሌላ አሳብ የለኝም አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያቺን ቆርቆሮ ቤት አይቻለሁ። ሌዳሞ እንደማይዋሽ አውቃለሁ።

ሰብሳቢው ብዕሩን አነሣ። «ጓድ ሌዳሞ፣ መልስ።»

ሌዳሞ በዝግታ ተነሣ። መጀመሪያ እኔን አየኝ። ንዴት አልነበረበትም፤ የሚያውቀውን ቤት በር ከፍቶ ሌላ ሰው ቤት እንደገባ ሰው ግራ ገብቶት ነበር። ከንፈሩ አንድ ጊዜ ተንቀሳቅሶ መልሶ ገጠመ።

«ቅዳሜ ከሰዓት አሞራ ገደል ነው የምውለው» አለ።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ከወንድሞችና ከእህቶች ጋር እጸልያለሁ።»

የብዕሩ ጭረት ይሰማ ነበር። «ስማቸውን?»

«የእኔን ጠይቁኝ፣ ነገርኳችሁ። የእነሱን አልነግራችሁም።»

ሰብሳቢው ጽፎ ጨረሰና፣ ሥርዓቱ እንዳይጓደል መሰለኝ፣ «በጓድ ዳምጤ ላይ ያለህ ሂስ?» አለው።

ሌዳሞ ወደ እኔ ዞረ። የፈለገውን ሊለኝ ይችላል። ዘሪቱን ከክፍል ማባረሬን ቢያነሣ፣ አባቷ የቀበሌ ሊቀ መንበር ናቸውና እኔም አልተርፍም። ይህን እሱ አሳምሮ ያውቃል።

«ጓድ ዳምጤ አንዳንድ ጊዜ ያረፍዳል» አለና ተቀመጠ።

ያን ቀን ከሰዓትና ማታ ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። ቤቱ ሩቅ አይደለም። ሄጄ «ሌዳሞ፣ ጥፋ፣ ወደ ቱላ ሂድ» ልለው እችል ነበር። «ምንም አይመጣም፣ አስጠንቅቀው ይለቁታል» እያልኩ ቁጭ አልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ ተማሪው ወደ ክፍሉ ሲገባ አንድ ላንድሮቨር ግቢው ውስጥ ቆመ። ሌዳሞ ጠመኔውን እጁ ላይ እንደያዘ ገባበት። በመስኮት ያዩ ተማሪዎች አለቀሱ። እኔም ከመስኮቴ አየሁ።

በምሳ ሰዓት ወደ ጽጌ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ልዋሻችሁ አልችልም፤ ፊቷን ለማየት ነበር። ፍቅረኛዋ ሲታሰር ፊቷ ምን እንደሚመስል።

«ሌዳሞ ታሰረ» አልኳት።

እጇ ታይፑ ላይ ቀረ። «ምን አድርጎ?»

«በስብሰባ ላይ ቅዳሜ የት ትውላለህ ተብሎ ተጠየቀ። እጸልያለሁ አለ።»

«ቅዳሜ?» አለች ጽጌ። «ቅዳሜ እኮ እኔን ነው የሚያስጠናኝ! ለማትሪኩ! ተማሪ አስጠናለሁ ብሎ ቢመልስ ይበቃው አልነበር?»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ለአንተ ልነግርህ ያልፈለግሁት ካለፍኩ በኋላ ላስደስትህ ብዬ ነው። ከወደቅሁ ደግሞ እንዳትጮህብኝ። ቤት ውስጥ ቢያስጠናኝ ሰው ያወራል ብለን ሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየን ተቀመጥን። ለማንም እንዳይናገር ማልልኝ ስለው፣ እኔ አልምልም፣ ቃሌ ግን ቃል ነው አለኝ።» ድንገት ቆመች። «ማነው የጠየቀው?»

ስንት ዓይነት ውሸት እንደመጣልኝ ብታውቁ! ግን ፊቴ ቀድሞኝ ተናግሮ ነበር።

«አንተ ነህ» አለች። ጥያቄ አልነበረም። እንደ እኔ አልጮኸችም፤ ቢሆን ደግ ነበር። «ዳምጤ፣ አይተኸን ከሆነ እኔን ጠይቀኝ እንጂ! እኔን ቁጣኝ፣ እኔን ምታኝ እንኳ! እሱን ለእነሱ ትሰጠዋለህ?»

«ቀንቼ ነው ጽጌ። አንቺን ማጣት ፈርቼ...»

«ለእኔ ቀንተህ ቢሆን ወደ እኔ ትመጣ ነበር» አለችኝ። «አባቴ ዘንድ ሽማግሌ የላከው፣ ያ የማውቀው ሰው አንተ አይደለህም።»

ሠርጉ እንደፈረሰ በሳምንቱ አባቷ በእነዚያው ሽማግሌዎች አስነገሩኝ። ጽጌ ግን አርፋ አልተቀመጠችም። በየቀኑ ከመሥሪያ ቤት ስትወጣ፣ ከሲዳምኛ በቀር አንድ የአማርኛ ቃል ከማያውቁት ከሌዳሞ እናት ጋር ስንቅ ይዛ እስር ቤት በር ላይ ትቆም ነበር። እኔ አንድ ቀን ስንቅ ይዤ ሄጄ እነሱን ስመለከት ከመንገዱ ማዶ ተመለስኩ። ማትሪኩን በዚያው ዓመት አለፈች። የእንግሊዝኛ ውጤቷ ቆንጆ ነበር አሉ፤ እኔ የሰማሁት ከሰው ነው።

የሌዳሞ ክፍሎች ደግሞ ለማን ተሰጡ መሰላችሁ? ለእኔ። ተማሪዎቹ፣ ወንበሩ፣ ያ «አሃ» የሚሉበት ክፍል ሁሉ የእኔ ሆነ። የተመኘሁትን በሙሉ አገኘሁ፤ የነበረችኝን አጣሁ። የዘሪቱን ሁለት ቃላት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት እስካሁን አልገጠመኝም።

ሁለት ሳምንት አልተኛሁም። በሦስተኛው ሰኞ ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና ራሴን ሂስኩ፤ ማርፈዴን አይደለም።

«ጓድ ሌዳሞን የጠየቅኩት ለአብዮቱ ብዬ አይደለም» አልኩ። «ከእኔ የተሻለ መምህር ስለሆነ ነው። ምቀኝነት ነው። ይፈታ ዘንድ እጠይቃለሁ።»

ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠ። ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር መታሰሬን ፈለግሁትም። እሱ ግን ፈገግ አለ።

«ጓዶች፣ እውነተኛ ግለ ሂስ ማለት ይህ ነው!» አለና አጨበጨበ። ጉባኤው ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ ወንድሙ ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነበር። በቃለ ጉባኤው «ጓድ ዳምጤ በግልጽነቱ አርአያ ነው» ተብሎ ተጻፈልኝ። ሌዳሞ ግን ሰባት ወር ታሰረ።

ሲፈታ ትምህርት ቤት አልመለሱትም። ቡሹሎ በሚባል መንደር አንድ ዘመዱ ዘንድ እርሻ ይረዳል ሲሉኝ በሳይክሌ ሄድኩ። በቆሎ ውስጥ ቆሞ ያርማል። ከስቷል፤ ከፊት ሁለት ጥርሶቹ የሉም። ስለ ጥርሶቹ አልጠየቅኩትም። ጉልበቱ ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ ያለኝን ሁሉ፣ የጽጌን ነገር፣ ራዲዮውን መስማቴን፣ አውቄ መጠየቄን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት።

በክንዴ ይዞ አነሣኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ዳምጤ» አለኝ። «እዚያ ውስጥ እያለሁ ነው ይቅር ያልኩህ፤ ቀላል አልነበረም። ግን ተመልሰህ አትምጣ። ሳይህ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

አንባቢዎቼ፣ በቋንቋችን ቅናት ብለን ስንጠራው ሁለቱን በአንድ ጨርቅ እንቋጥራቸዋለን። ለዚህ ነው ሰው ምቀኝነቱን ፍቅር ብሎ የሚሸፍነው፤ ለእጮኛዬ ቀናሁ የሚል ሰው ማንም አይፈርድበትም። እኔም ለዓመታት እንዲያ ብዬ ነው ያወራሁት። የመሥሪያ ቤት ጓደኛችሁ ሲመሰገን ሆዳችሁን ቢቆርጣችሁ አትደንግጡ፤ እኔ ዛሬም፣ ጡረታ ወጥቼም፣ ይቆርጠኛል። ያን ጊዜ ግን አፋችሁን ያዙ። የራሳችሁን ማጣት ከፈራችሁ ወደ ራሳችሁ ሰው ሂዱና ጠይቁ። ከዚያ ሌላ የምትጠይቁት ጥያቄ ካማራችሁ፣ በተለይ ደግሞ መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁት ከሆነ፣ ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ።

ሌዳሞ ዛሬም በሕይወት አለ። ልጆቹ አድገዋል ሲሉ እሰማለሁ። አንዳንዴ ገበያ ላይ ከሩቅ አየዋለሁ። እሱ ሳያየኝ መንገድ እቀይራለሁ፤ ላደርግለት የምችለው ይህን ብቻ ነው።